ረብሻ በልብ ወለድ ዓይን



ጋዜጣ ረብሻን ሲዘግብ ሬሳ ይቆጥራል፣ የተሰበረ መስታወት ይገምታል። የጥቁር አሜሪካውያን ደራሲዎች ግን ከደሙ መካከል ቂልነቱንም አዩ።

እ.ኤ.አ. በ1898 በሰሜን ካሮላይና፣ በዊልሚንግተን ከተማ፣ የታጠቁ ነጮች ጥቁሮችን ገድለው የተመረጠውን አስተዳደር በጉልበት ጣሉት። ቻርልስ ቼስነት በ1901 ታሪኩን ልብ ወለድ አደረገው። በጋዜጣው ጥላቻ ሲያራግብ የኖረው አዘጋጅ፣ በዚያው የረብሻ ቀን ልጁ በጉሮሮ በሽታ ሊሞትበት ይደርሳል። ሊያድንለት የሚችለው ደግሞ ቀድሞ ከደጁ የመለሰው ጥቁር ሐኪም ብቻ ነው። የሐኪሙ የራሱ ልጅ በረብሻው ተገድሏል። ቼስነት ጨዋ ጸሐፊ ነውና አይስቅም።

ራልፍ ኤሊሰን ግን ይስቃል። በነሐሴ 1943 በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም አንድ ነጭ ፖሊስ ጥቁር ወታደር አቆሰለ፤ ወሬው «ተገደለ» እያለ ሮጠ፤ በረብሻው 6 ሰዎች ሞቱ። ኤሊሰን ነገሩን ለ«ኒውዮርክ ፖስት» ዘግቦታል። በ1952 ባሳተመው «የማይታየው ሰው» መጨረሻ ላይ የምናየው ረብሻ ግን ከዘገባ ይርቃል። ተራኪው የተሰቀሉ ነጭ አስከሬኖች ያየ መስሎት ይደነግጣል፤ የሱቅ አሻንጉሊቶች ናቸው። ተከራዮች ሕፃናትና በሽተኞችን አስወጥተው፣ ነፍሰ ጡር ጎረቤት እየለመነቻቸው፣ የሚኖሩበትን ሕንፃ በላምባ ያቃጥላሉ፤ አከራዩ አላድስም ብሏላ! «ራስ» የተባለው ቀስቃሽ ደግሞ እንደ ሐበሻ መኳንንት ለብሶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ፣ በጥቁር ፈረስ ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶችን ይገጥማል። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ሃርለም ለእኛ ሰልፍ ወጥቶ ነበርና ይህ ልብስ ለሰፈሩ ሰው ባዕድ አልነበረም። ያም ሆኖ ያዩት ሰዎች በሳቅ ይፈርሳሉ። ይህን ገጽ ሳነብ እኔም እስቃለሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ይቆማል። ያ ሰው የለበሰው የእኛን ክብር ነውና።

በ1969 ቼስተር ሃይምስ «ሽጉጥ የያዘ ዕውር»ን አሳተመ። የሚያይ ለመምሰል የሚታገል ዕውር ሰው በከርሰ ምድር ባቡር ውስጥ ተጣልቶ ይተኩሳል፤ ኢላማውንም ይስታል። ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ረብሻ። የፖሊስ አለቃው ረብሻውን ማን እንዳስነሳው ሲጠይቅ መርማሪው ዕውሩ መሆኑን ይነግረዋል፤ ትርጉም የለውም ሲለውም ይስማማል።

ብዙዎች ይህን መጨረሻ ያደንቁታል። እኔ ግን ሃይምስ እዚህ ላይ ተጠያቂውን በነፃ የለቀቀ ይመስለኛል። የኤሊሰን ቤት አቃጣዮች ቂል ቢሆኑም በማን እንደተናደዱ ያውቃሉ።