እርግጠኛ የነበርንበት ነገር



ንግግሬን ከአንድ ክንድ እጀምራለሁ። የኩላሊት እጥበት ክፍላችን የሚከፈተው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ታካሚው ተመዝኖ አልጋው ላይ ከተጋደመ በኋላ ክንዱን ይዘረጋል። ነርሷ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ሁለት ጣቷን ፊስቱላው ላይ ታሳርፋለች። ፊስቱላ ደም ወሳጅና ደም መላሽ ቧንቧ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ ነው፤ ከቆዳው ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። ንዝረቱ ካለ የዕለቱ እጥበት ይቀጥላል። ከጠፋ ደሙ ረግቷል፤ ለዚያ ሰው ቀኑ ጨለመ ማለት ነው። ሌሊት ባንነው ክንዳቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያንን ድምፅ የሚያዳምጡ ታካሚዎች አሉን። ዘዴውን ብሬሻ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ከኒው ዮርክ ብሮንክስ ለዓለም ያሳወቁት በ1966 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እስከ አሁን ለአብዛኛው ታካሚ የመጀመሪያው ምርጫ እሱው ነው።

በዚያ አልጋ ዙሪያ የምናውቀውን ሁሉ ያወቅነው እንዴት ነው? የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ይበጃል ብለን በሙሉ ልባችን ያደረግነው ብዙ ነገር አለ። ከፊሉ በጀ፤ ከፊሉ ጎዳ። የቱ የቱ እንደሆነ የለየልን ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ደልድሎ ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ነው። ልምድና ርኅራኄ ብቻቸውን ሊለዩት አልቻሉም።

ሆላንዳዊው ዊለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ካምፐን በምትባል ከተማ፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ሴሎፎን በከበሮ ላይ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን የእጥበት መሣሪያ ሠራ። ከ1943 ጀምሮ 15 ያህል ሕመምተኞች ሞተውበታል። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከ11 ሰዓት እጥበት በኋላ ነቃች፤ ከዚያም ዓመታት ኖረች። የእሷ ኩላሊት በድንገት የቆመ ነበርና ጊዜ ሲያገኝ ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። ኩላሊቱ ላይመለስ የሞተበት ሰው ግን እስከ 1960 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት ሲያትል ውስጥ ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ አዘጋጀና ክላይድ ሺልድስ የተባለው ታካሚ በእጥበት 11 ዓመት ኖረ። ይህን ለማመን በዕጣ መደልደል አላስፈለገም፤ ሳይታጠብ የቀረ በሳምንታት ውስጥ ይሞት ነበር። ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው መኖር ሲጀምር፣ እንዴት ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ መጣ።

የደም ማነስን ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ በሙያዬ ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ጤነኛ ኩላሊት ደም ከማጣራቱ ሌላ፣ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ የሚያዝ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ደም ያንሳል። በቀድሞው ጊዜ እጥበት ላይ ያለ ሰው ፊቱ ገርጥቶ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ ሰው በሚለግሰው ደም ይኖር ነበር። ቺካጎ ውስጥ ዩጂን ጎልድዋሰር የተባለ ተመራማሪ ይህን ሆርሞን ነጥሎ ለማውጣት ከ1955 ጀምሮ ሃያ ዓመት ደከመ። በጎችን ደም እያሳነሰ ሞከረ፤ በቂ አላገኘም። መፍትሔው ከጃፓን መጣ። መቅኔው ደም መሥራት ያቆመ ሰው ኩላሊቱ ያለማቋረጥ ያዛል፣ ሰሚ ግን የለውም፤ ሆርሞኑ ተርፎ በሽንት ይወጣል። ታካጂ ሚያኬ ኩማሞቶ ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ከ2,500 ሊትር በላይ ሽንት ሰበሰበ፤ አደረቀው፤ በጨርቅ ጠቅልሎም በ1975 ቺካጎ ድረስ ይዞት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሽንት የተገኘው ንጹሕ ሆርሞን ጥቂት ሚሊግራም ነበር፤ ግን በቃ። በእሱ መነሻነት ጂኑ ተለየ፣ ሆርሞኑ በቤተ ሙከራ ተመረተ፣ በ1989 አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ተነሥተው ሥራ ገቡ። እነዚያ ሽንታቸውን በየዕቃው ያጠራቀሙ ጃፓናውያን ሕመምተኞች ከሥራቸው አንዳች አላተረፉም፤ ስማቸውንም አናውቅም። እኔ ግን መድኃኒቱን በጻፍኩ ቁጥር አስባቸዋለሁ።

እርግጠኛነት የገባው እዚህ ላይ ነው። ጥቂቱ እንዲህ ከጠቀመ፣ የሕመምተኛውን ደም የጤነኛ ሰው ልክ ላይ ብናደርሰው ልቡም ይጠነክራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል አልን። አሳማኝ ነበር፤ መጻሕፍቱም ወደዚያው ያደሉ ነበር። በ1998 በታተመ ጥናት የልብ ሕመም ያለባቸው 1,233 የእጥበት ታካሚዎች በዕጣ ተደለደሉ። የአንደኛው ቡድን ሄማቶክሪት፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ ድርሻ፣ ወደ 42 በመቶ ከፍ እንዲል፣ የሌላው 30 ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። ደማቸው ከፍ ከተደረገው 183 ሲሞቱ፣ ዝቅ ካለው 150 ሞተዋል። ሆኖም ብዙ ሐኪም አልተዋጠለትም፤ ሕመምተኞቹ ቀድሞም ልባቸው የደከመ ነበር ተባለ። በ2006 እጥበት ባልጀመሩ 1,432 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ሄሞግሎቢናቸው ወደ 13.5 እንዲደርስ የታለመላቸው 11.3 ከታለመላቸው ይልቅ ሞትና የልብ ችግር በዛባቸው። በ2009 ደግሞ 4,038 የስኳር ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። መጠናቸው እኩል ገደማ ከሆኑት ሁለት ቡድኖች፣ በመድኃኒቱ ደማቸው ከፍ ከተደረገው 101 ሰው፣ ማስመሰያ መርፌ ከሚወጉት 53 ሰው ስትሮክ ያዘው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለተማሪዎቼ ስነግር ቆም እላለሁ። ከስትሮኩ በፊት ያሉት የላቦራቶሪ ወረቀቶች ያማሩ ነበሩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ደስ ብሎታል፤ ታካሚውንም እንኳን ደስ አለህ ብሎታል። አሁን መድኃኒቱን የምንሰጠው ደም እንዳያስፈልገውና ጉልበት እንዲያገኝ በሚበቃው መጠን ነው። እዚያ ላይ ለመቆም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሌላው እርግጠኛነታችን ስለ እጥበት መጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቶሎ የጀመረ ይጠቀማል እንል ነበር። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ውስጥ 828 ሕመምተኞች በዕጣ ተደለደሉ፤ ግማሾቹ ኩላሊታቸው ገና የተወሰነ አቅም እያለው፣ ግማሾቹ ሕመሙ ሲገፋ ወይም አቅሙ ክፉኛ ሲወርድ እንዲጀምሩ። ውጤቱ በ2010 ታተመ፤ በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልነበረም። የዘገዩት ግን በአማካይ ስድስት ወር ያህል ያለ መሣሪያ ኖረዋል። በእኛ አገር ለእጥበት ከኪሱ የሚከፍል፣ መሬቱን የሸጠ፣ ከዘመድ የተበደረ፣ መንገድ ላይ ፎቶውን ለጥፎ እርዳታ የሚለምን ቤተሰብ ስድስት ወር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ጥናት ውስጥ አንድም ኢትዮጵያዊ ባይኖርበትም የእኛን ሰው ኪስ የዳሰሰ ጥናት ነው።

አሁን ወደ ተስፋው ልሂድ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ከፊሉን ማጣሪያ ሲገድል የቀረው የሟቹን ሥራ ይሸከማል። ግፊት ይበዛበታል፤ ግፊቱም በተራው ይገድለዋል። ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት የማጣሪያውን መውጫ ያሰፋል፤ በ1993 በታተመው ጥናት፣ ከ409 የስኳር ሕመምተኞች መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት የመሞት፣ እጥበት የመግባት ወይም ንቅለ ተከላ የማስፈለግ አደጋቸው በግማሽ ቀነሰ። የቅርብ ዘመዱ ኢናላፕሪል ዛሬ በየመድኃኒት ቤታችን አለ፤ ውድም አይደለም።

ሁለተኛው ተስፋ ሳይፈለግ የተገኘ ነው። በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ልጣጭ የወጣ ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ነገር ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቅ ነበር። ከእሱ ተነሥተው የስኳር መድኃኒቶች ተሠሩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2008 ጀምሮ አዲስ የስኳር መድኃኒት ልብን እንደማይጎዳ ይፈተን አለ። ልብን ሊፈትኑ የገቡ ተመራማሪዎች የኩላሊቱ ውድቀት ሲዘገይ አዩ። በ2019 ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ካናግሊፍሎዚን በ4,401 ሰዎች ላይ የኩላሊትን ዋና ዋና አደጋዎች በ30 በመቶ ቀነሰ። በ2020 ዳፓግሊፍሎዚን በ4,304 ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ ሲሶው ያህል ስኳር የሌለባቸው ነበሩ፤ አደጋው በ39 በመቶ ቀነሰ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት የማጣሪያውን መግቢያ ያጠባል። አንዱ መውጫውን ሲከፍት ሌላው መግቢያውን ሲጨብጥ ማጣሪያው እፎይ ይላል።

ሁለቱም ዓይነት መድኃኒቶች ሲጀመሩ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ትንሽ ከፍ ይላል። ወረቀቱ ያስደነግጣል። ግፊቱ የቀነሰለት ማጣሪያ ሥራውን ዝግ ስላደረገ ነው፤ በኋላ የሚገኘው ትርፍ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደንግጠው ያቆሙ ሐኪሞችን አይቻለሁ፤ እኔም በጀማሪነቴ አቁሜያለሁ። በደም ማነሱ ያማረው ቁጥር ጎዳን፤ እዚህ ያስጠላን ቁጥር የሚጠቅመን ሆነ። ይህን ያለ ጥናት ማን ሊገምተው ይችላል?

ስለ ራሳችን ሰዎች አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። በ2010 አፖል-ዋን የተባለ ጂን ሁለት ልዩ ዓይነቶች የኩላሊት ሕመምን እንደሚያባብሱ ታወቀ። ዓይነቶቹ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉ ናቸው፤ ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ ለዘመናት ጠቅመዋል። ኤች አይ ቪ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ለሚያደርሰው ከባድ የኩላሊት ጥፋት ዋናው ምክንያትም እነሱ ሆነው ተገኙ። ሐይፋ ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ሥራ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን መረመሩ፤ የጂን ዓይነቶቹም ያ የኩላሊት ጥፋትም አልተገኙባቸውም። ኩላሊታችን ከሕመም ሁሉ የተጠበቀ ነው ብሎ ይህን የሚተረጉም ይሳሳታል። የሚለን ነገር ሌላ ነው፤ በቆዳ ቀለም አንድ ላይ የሚቆጠሩ ሰዎች በኩላሊታቸው ይለያያሉ።

ቀለሙ ግን ለረጅም ጊዜ በስሌቱ ውስጥ ነበር። በ2009 የወጣው የኩላሊት አቅም መለኪያ ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ታክሲ ነጂ ደሙ ከነጭ ጎረቤቱ ጋር አንድ ሆኖ እያለ፣ ኩላሊቱ 16 በመቶ ገደማ የተሻለ ነው ተብሎ ይጻፍለት ነበር። ለንቅለ ተከላ ተራ ለመያዝ አቅሙ በዚሁ ቀመር ሲሰላ 20 ወይም ከዚያ በታች መውረድ ስለነበረበት፣ ያቺ ማባዣ ወራት ታስጠብቀው ነበር። ቀመሩ የተቀየረው በ2021 ነው። ያባዙትም ሰዎች እርግጠኞች ነበሩ።

ለዚህ ነው የእኛ ሰው በጥናት ውስጥ ይቆጠር የምለው። እዚህ አገር እጥበት ላይ ካሉ ወጣቶች የብዙዎቹ ኩላሊት ለምን እንደሞተ አናውቅም፤ ናሙና የሚወሰድለት ጥቂቱ ነው፤ ሲመጡ ኩላሊታቸው ተጨማድዶ ነው። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፣ በሕይወት ካሉ ቤተሰቦች በሚለገስ ኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገር ቤት ተጀመረ። እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሰነበቱ፣ የቱ መድኃኒት እንደበጃቸው መዝግቦ ማሳተም የእኛ ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም አይሠራልንም። በየጤና ጣቢያው ደግሞ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ሽንቱ በስትሪፕ ይታይ፤ ውጤቱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከእነዚህ ካርዶች ጥናት ይወጣል።

ከታካሚዎቼ አንዱ አይሱዙ ነጂ ነበር። እኔ ዘንድ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ሽንቱ አረፋ ይሠራ ነበር፤ ራሱንም ያመው ነበር። አንድ የጤና ተቋም ሄዶ ግፊቱ 170 በ100 ተለካ፤ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ። ሽንቱን ያየለት አልነበረም። አሁን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይታጠባል። ታናሽ ወንድሙ ሊያስታምመው ሲመላለስ አንድ ቀን፣ «አንተስ ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። 150 በ95 ነበር፤ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ። ኢናላፕሪል አስጀመርኩት። በሁለተኛው ሳምንት ክሬቲኒኑ ከ1.2 ወደ 1.4 ወጣ። ወረቀቱን ይዞ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ «ዶክተር፣ እኔም ልገባ ነው እንዴ?» አለኝ። አስቀምጬ መግቢያና መውጫውን በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። ሦስት ዓመት ሆነው፤ ቁጥሩ እዚያው 1.4 ላይ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ክኒኑን ባይወስድም እንዲሁ ይቆይ ይሆናል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ፣ ወንድሙን ለማድረስ በሚመጣበት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሽንቱንና ደሙን ይሰጣል፤ እኔም እመዘግባለሁ።