ወፍራም ግንድ ሁሉ ጠንካራ አይደለም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በዱራሜ የተደረገ ንግግር)




በከምባታ መሬት ጠባብ ነው። ከእንሰቱና ከቡናው በተረፈች ዳር ዛፍ የተከለ አርሶ አደር የትምህርት ቤት ወጪ ወይም ሕመም ሲገጥመው ዛፉን ሳይደርስ ይቆርጣል። ግንዱ ወፍሮ ስለሚታይ ገዢው ውፍረቱንና ርዝመቱን ለክቶ ይወስደዋል። ጣጣው የሚመጣው ሞራሌው ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ እንጨቱ ይጎብጣል፣ ይጣመማል፣ ቆርቆሮውም ከሚስማሩ ይላቀቃል።

ምክንያቱ ግንዱ ውስጥ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አዲስ እንጨት የሚጨምረው ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ መሃሉ ዛፉ ገና ልጅ ሳለ የሠራው እንጨት ነው። ይህ በደንብ የተጠናው ራዲያታ በተባለው ጥድ ላይ ነው፤ የትውልድ አገሩ ካሊፎርኒያ ሲሆን በኒውዚላንድ ከተተከለው ደን አብዛኛውን ይይዛል። በራዲያታ እምብርት አካባቢ ያለ እንጨት ሲደርቅ በኩብ ሜትር 350 ኪሎ ግራም ግድም ቢሆን፣ ወደ ቅርፊቱ ያለው 450 ይደርሳል። ጭነትን የመቋቋም ግትርነቱ ግን ከዚህ እጅግ በበለጠ፣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጨምራል።

ክብደቱ በጥቂቱ ሲጨምር ግትርነቱ ለምን እንዲህ ያሻቅባል? መልሱ ቃጫው ላይ ነው። የእንሰት ቃጫ በቁመቱ ሲጎተት ጠንካራ ነው፤ እንደ ጥምዝ ሽቦ ቢጠቀለል ግን ይለጠጣል። የእንጨት ቃጫ ግድግዳም በረቂቅ ክሮች የተጠመጠመ ሲሆን፣ በልጅነቱ እንጨት ውስጥ ክሮቹ ከቁመቱ 30 እና 40 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ዛፉ ሲያድግ ወደ 10 እና 15 ዲግሪ ይቃናሉ። ለልጁ ዛፍ ይህ ጥቅም ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ለቤት ሠሪው ግን አይመችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ከሥሩ በኩል ያለው ግንድ በአማካይ ከጫፉ ይከብዳል። ይሁንና በራዲያታ ከሁሉ የላላው እንጨት የሚገኘው እዚያው በሥሩ በኩል፣ እምብርቱ ዙሪያ ነው። አንድ ጣውላ ግማሹ ከመሃል ግማሹ ከዳር ከተሰነጠቀ ደግሞ ሲደርቅ የመሃሉ ወገን በቁመቱ አብልጦ ስለሚያጥር ይቀሰታል።

በፈረንጅ ጥድ የክብደቱ ልዩነት ያን ያህል አይጎላም፤ ስለዚህ እንጨቱን በእጅ መዝኖ መፍረድ ያሳስታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ልጅ እምብርት አለው፤ በተጨማሪም በእርጥብነቱ ሲሰነጠቅ ከጫፉ ይተረተራል። በበልግና በክረምት ዝናብ በሚያገኝ አገር ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅም አያስተማምንም፤ የተተከለበትን ዓመት መመዝገብ ይሻላል።

ዛፉን ማቆየት የሚችል ቢያቆየው ጥሩ ነው፤ ኒውዚላንዶች ራዲያታን የሚቆርጡት ከ25 እስከ 30 ዓመት ግድም ነው። ጠበቅ አድርጎ ተክሎ በኋላ ማሳሳትም የልጅነቱ እምብርት ቀጭን ሆኖ እንዲቀር ይረዳል። ማቆየት ለማይችለው ደግሞ መለየት አለ። ውፍረታቸውና ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ደረቅ ሞራሌዎች ጫፍና ጫፋቸው በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ የድንጋዮቹ ርቀት ለሁለቱም አንድ ይሁን። መሃላቸው ላይ በየተራ አንድ ዓይነት ክብደት፣ ለምሳሌ ግማሽ ኩንታል እህል ይጫናል። ክር ተወጥሮ የጎበጡት ሲለካ፣ እጥፍ የጎበጠው ግትርነቱ የሌላው ግማሽ ነው። እርሱ ለሳጥንና ለአጥር ይሂድ፤ ጠንካራው ለጣሪያ ይቀመጥ። ዩኒየኑ እንጨት ሲረከብ ይህን ልዩነት በዋጋው ላይ ካሳየ፣ ዛፉን በትዕግሥት ያቆየው አባል ከቸኮለው እኩል አይከፈለውም።