ሉፐስ ያለባት ሴትና እርግዝናዋ



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ሉፐስ ስለሚባል በሽታ ነው። ስሙ ለጆሮ አዲስ ይሆናል። በሽታው ግን በከተማም በገጠርም አለ።

ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ኃይል አለው። ይህ ኃይል እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ ነው። ውሻው ሌባውን ትቶ የቤቱን ልጅ ቢነክስስ? ሉፐስ እንዲህ ነው። መከላከያው ተሳስቶ የራሱን አካል ያጠቃል። መገጣጠሚያ ያማል፤ ድካም ይጸናል፤ ጠጉር ይረግፋል። ፀሐይ ሲያገኛት በጉንጭና በአፍንጫዋ ላይ ሽፍታ ይወጣል። እኛም «ምች መታት» ብለን እናልፋለን። ሲብስ ኩላሊትን ይጎዳል። ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

ታዲያ ሉፐስ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች? አዎን፣ ብዙዎቹ ደኅና ልጅ ይወልዳሉ። ነገር ግን ገበሬ እርጥበቱን ሳያይ እንደማይዘራ ሁሉ፣ ለዚህም ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። በሽታው ቢያንስ 6 ወር ጋብ ማለት አለበት። እስከዚያው ባልና ሚስት ሐኪም አማክረው እርግዝናን ያዘግዩ።

ትልቁ ስሕተት የትኛው ነው? «ፅንሱን ይጎዳብኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ መድኃኒት መጣል ነው። እርግጥ ፅንስ የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ። እነሱን ሐኪሙ ከእርግዝና በፊት ይለውጣቸዋል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው ግን በእርግዝናም ጊዜ ይወሰዳል። ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ያን ጊዜ እናትም ልጅም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

እንግዲህ ያረገዘች እንደሆነ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሉፐስ እንዳለባት ትናገር፤ ወደ ሆስፒታል ይመሯታል። የደም ግፊቷና ሽንቷ በየጊዜው ይመርመር። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ወይም ደም መፍሰስ ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን አትቆይ። የምትወልደውም በሆስፒታል ይሁን።

ባሎችና አማቶች ሆይ! ውሃውንና እንጨቱን አግዟት። ከቀትር ፀሐይ ጠብቋት። ዛሬ ፊደል ለይታችኋል። በካርዷ ላይ የተጻፈውን የቀጠሮ ቀን አንብባችሁ አስታውሷት። ያቺ አንዲት መስመር የሁለት ሰው ሕይወት ታድናለች።