ጆሮን መድፈን መቼ ይጠቅማል?

አድማጮቻችን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በታክሲ፣ በወጥ ቤት ወይም በሠርግ አዳራሽ የምትሠሩ፣ ጆሯችሁ የሚጮህና ድምፅ የሚያውካችሁ ከሆነ ኢርፕላግ ጠዋት አድርጎ ማታ ማውጣት መፍትሔ ይመስላል። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 18 ደህና ሰሚዎችን አንድ ጆሯቸውን ለ7 ቀን አስደፈነ፤ 14ቱ የሌለ ድምፅ ሰሙ፣ መድፈኛው ሲወጣ ጠፋላቸው። በ2003 የወጣ ጥናትም ለሁለት ሳምንት ጆሯቸውን የደፈኑ ሰዎች ለድምፅ ይበልጥ ስሱ እንደሆኑ፣ ለስላሳ ሹሹታ ያዳመጡት ግን የመቻል አቅማቸው እንደጨመረ አሳየ። አእምሮ የሚደርሰው ድምፅ ሲያንስበት፣ ሬዲዮ አልሰማ እንዳለው ሰው፣ ድምፁን ራሱ ከፍ ያደርጋል።

«ጥናቱ በጤነኞች ላይ ነው፤ እኔ እየታመምኩ ልቻለው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም መድፈኛውን ጣሉት አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ያወጣው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ 100 ዴሲቤል የሚያወጣ የሠርግ ስፒከር አጠገብ (የእኛ ሠርግ ደግሞ ዝግ ማለት አያውቅም) የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እዚያ ያለ ማመንታት ድፈኑ። ሱቅ ውስጥ፣ ሜትሮ ስትጠብቁ፣ ቤት ውስጥ ግን ቀስ በቀስ አውጡት፤ ጸጥታው ከከበዳችሁ ቬንትሌተር ክፈቱ። መስማት በድንገት ከቀነሰባችሁ ወይም ጩኸቱ እንደ ልብ ምት ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳታራዝሙ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።