«ስንት ሰው?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ጠፋ!
(ለጀማሪ ጋዜጠኞች የተደረገ ንግግር)



እኛ የግል ፕሬስ ሰዎች የምንኮራበት አንድ ነገር አለን። ከመንግሥት ቢሮ መግለጫ ሲደርሰን እንደወረደ አናትምም፤ «ማስረጃው የታል?» እንላለን። ታዲያ መግለጫው «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» የሚል ሲሆንስ? ያን ጊዜ ጥያቄያችን ሁሉ ይጠፋል። ጀርመን አገር የሆነውን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2015 መጨረሻ ላይ «ቢልድ» የተባለው ትልቁ ዕለታዊ ጋዜጣ ቸኮላት የሚበላ ሰው አይወፍርም የሚል ዜና በፊት ገጹ ይዞ ወጣ። ወሬው ከዚያ አገር ለአገር ዞረ።

ለካ ነገሩ ወጥመድ ኖሯል! ያጠመደው ጆን ቦሃነን የሚባል የሳይንስ ጋዜጠኛ ነው፤ ከጀርመን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ጋር ሆኖ። ስሙን ዮሐንስ አሰኘ፣ ከድረ ገጽ በቀር ምንም የሌለው «ኢንስቲትዩት» ፈጠረ፣ 600 ዩሮ ከፍሎ ጽሑፉን በአንድ የምርምር መጽሔት አሳተመ።

ሙከራው ግን የእውነት ተደርጓል። ጉዱም እዚህ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 15 ሰዎች ብቻ ናቸው! እነሱም በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ ለሦስት ሳምንት። ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ እንቅልፍ እያለ 18 ነገር ለካባቸው። 18 ድንጋይ የወረወረ ሰው አንዷ ወፍ ብትመታለት «አነጣጥሬ ነው» ይላል እንዴ? እንዲያ ብዙ ነገር ሲለካ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ውጤት» መስሎ የመታየቱ ዕድል 60 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። ለቦሃነን ክብደት ወጣለት። እንቅልፍ ቢወጣለት ኖሮ «ቸኮላት እንቅልፍ ያመጣል» ተብሎ ይታተም ነበር።

በሜይ 2015 ራሱ ሲያጋልጥ የተናገረው ያሳፍራል። ስንት ሰው እንደተመረመረ የጠየቀው ጋዜጠኛ የለም ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩን የጻፈማ ጭራሽ አልተገኘም።

ሰው ማታለሉ ነውር ነው ብለው ቦሃነንን የወቀሱ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ተሳታፊዎቹም ዓላማውን አያውቁም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነበው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ «ጣፋጭ ተው» ያለውን ሰው እኛ በደማቅ ርዕስ «ብላ» እንለዋለን። በፖለቲካ ወሬ ስንሳሳት ማስተባበያ ይመጣብናል፣ ከሳሽም አናጣ። እሱ ግን የት ሄዶ ይከሰናል?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ገንዘቡንስ ማን ከፈለ በሉ። መልስ ካጣችሁ ቦታውን ለእግር ኳስ ስጡት።