ስለ ሆቴል አስተዳደር ሙያና ራስን ችሎ አማካሪ ስለ መሆን



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ በመሄድ ላይ ሳለሁ አንድ የቆየ ወዳጄ መንገድ ላይ አገኘኝና፥ «የማማክርህ ቁም ነገር አለኝ፤ ቡና እንጠጣ» ብሎ በአቅራቢያችን ወደሚገኝ ቡና ቤት ወሰደኝ። ይህ ሰው በሆቴል ሥራ 17 ዓመት ያገለገለ ነው። ሥራውን የጀመረው የእንግዳ ሻንጣ በመሸከም ሲሆን፥ ቀጥሎ በእንግዳ መቀበያ፥ ከዚያም በአልጋ ክፍሎች ተቆጣጣሪነት፥ በመጨረሻም በምክትል ሥራ አስኪያጅነት ሠርቷል። አሁን ግን አንድ ባለጸጋ ሆቴል ሊያሠራ አስቦ፥ «ተቀጣሪ ሳይሆን አማካሪ ሁንልኝ» ብሎ ጠየቀው። ወዳጄ ሦስት ልጆች አሉት፤ ደመወዙ ትልቅ ባይሆንም በየወሩ ሳይጓደል ይደርሰዋል። «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የሚለውን ጥያቄ ለእኔ ያቀረበው የሆቴል ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። እኔ ስለ ሆቴል የማውቀው ለመስክ ሥራ ስላክ ያደርሁባቸውን አልጋዎች ብቻ ነበር። ነገር ግን መጻሕፍት የማገላበጥ ልማድ እንዳለኝ ያውቃል። ስለዚህ ያነበብሁትንና ከእርሱ ከራሱ የሰማሁትን አገናዝቤ እነሆ ለእናንተም አቀርባለሁ። ከእናንተም መካከል ደመወዝን ትቶ በሙያ ብቻ መቆም ይቻል እንደ ሆነ በልቡ የሚያወጣና የሚያወርድ እንደማይጠፋ አምናለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እንግዳን መቀበል ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲቆም እግሩን አጥቦ፥ እራቱን አብልቶ፥ መደብ ለቆ ማሳደር የቆየ ልማዳችን ነው። አዲስ የሆነብን ለዚህ ሁሉ ዋጋ መቀበሉ ነው። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ ሰው በገንዘብ መብላቱን እንደ ነውር ቆጥሮት እንደ ነበረና፥ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፥ በልተው፥ ሒሳብ በመክፈል ልማዱን እንዳስጀመሩ ይነገራል። የዚያ ዘመን አስተያየት ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። ዛሬም ልጁ ሆቴል ውስጥ ተቀጠረ ሲባል «ሳሕን አመላላሽ ሆነ» ብሎ የሚያዝን አባት አለ። ሆኖም በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ የሆቴል ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1893 ነው፤ በአሜሪካም ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1922 ይህንኑ ሙያ ማስተማር ጀመረ፤ በእኛም ዋና ከተማ የሆቴልና የቱሪዝም ሥራ ማሠልጠኛ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የሙያው ሰዎች ሁሉ ስሙን የሚያነሡት ቄሳር ሪትዝ በ1850 በስዊስ አገር ኒደርቫልድ በምትባል የተራራ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥራ ሦስተኛ ልጅ ነበረ። ገና ልጅ ሳለ በአንድ ሆቴል የወይን ጠጅ አሳላፊ ለመሆን ልምምድ ጀመረ፤ የቤቱ ጌታ ግን «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርህም» የሚል ቃል ተናግሮ አሰናበተው። እርሱም ወደ ፓሪስ ሄዶ ከዝቅተኛው ሥራ ተነሥቶ በታላላቅ ምግብ ቤቶች እስከ ማስተናገድ ደረሰ። በኋላም በስዊስ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሆቴል ሲሠራ፥ በብርድ ወራት የቤቱ ማሞቂያ በተበላሸበት ቀን ብዙ እንግዶች መጡበት። ሪትዝ ጡብ በእሳት አስግሎ በጨርቅ ጠቅልሎ በእያንዳንዱ እንግዳ እግር ሥር እንዳስቀመጠና ምሳውን ሳያውክ እንዳሳለፈ ይተረካል። በ27 ዓመቱ ገደማ በሉሰርን ከተማ የአንድ ታላቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ሠራ።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ፈገግ አለ። «ጡቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሆቴል የሚቆመው በቁጥር ነው» አለኝ። እርሱ ከሁሉ የበለጠ የተማረው የሌሊት ተረኛ ሆኖ በሠራባቸው ሁለት ዓመቶች ነው። በቀን የተሸጠው አልጋ፥ ምግብና መጠጥ ሁሉ ሒሳቡ የሚዘጋው ሌሊት ስለ ሆነ፥ ቤቱ የት ላይ እንደሚያፈስ ቀድሞ የሚያየው ያ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ከዚያም በወረቀት ላይ እንዲህ ሲል አሰላልኝ። 40 አልጋ ያለው ሆቴል አለ እንበል። ባለቤቱ አልጋውን በ1,000 ብር ቢያከራይና 36ቱ ቢያዙለት በሌሊት 36,000 ብር ያገኛል። ዋጋውን 1,400 ብር አድርጎ 28ቱ ብቻ ቢያዙለት ግን የሚያገኘው 39,200 ብር ነው። ገቢው ለአርባውም ክፍል ሲካፈል በመጀመሪያው ለአንድ ክፍል 900 ብር፥ በሁለተኛው 980 ብር ይደርሳል። በዚያም ላይ የስምንት ክፍል አንሶላ ማጠቢያ፥ ሳሙና፥ ውሃና መብራት ይተርፋል። «እኛ ቤት ሞልቶ ያድራል» እያለ የሚመካ ባለሆቴል በሞላ ቤት ሊከስር ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ ሌሊት ያልተያዘ አልጋ ነገ ሁለት ጊዜ አይሸጥም፤ ጨርቅ ነጋዴ ያልተሸጠውን መደርደሪያ ላይ ያቆያል፥ ሆቴል ግን ሌሊቱን ማቆየት አይችልም። ዋጋን ከፍ የማድረግና ቤትን የመሙላት ጉዳይ የዘወትር ፍልሚያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኒው ዮርክ ባለሆቴሎች ማኅበር በ1926 አንድ ወጥ የሆቴል ሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ያሳተመውም፥ የአልጋው ገቢና ወጪ ከምግቡ፥ የምግቡም ከመጠጡ ተለይቶ እንዲታይና አንዱ ሆቴል ከሌላው ጋር እንዲመዛዘን ነው። ገቢን ሁሉ በአንድ ሣጥን ከትቶ ወጪን ሁሉ ከዚያው ሣጥን የሚያወጣ ቤት፥ ወጥ ቤቱ ያተረፈውን ቡና ቤቱ ሲበላው አያይም።

አሁን ወደ አማካሪነቱ ልምጣ። አማካሪ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ለሥራ ሄጄ ያደርሁበት አዲስ ሆቴል የምግብ አዳራሹ ከላይኛው ፎቅ፥ ወጥ ቤቱ ከምድር ቤት ነበረ፤ በመካከሉም ምግብ ማመላለሻ አልተሠራም። አስተናጋጇ ሾርባውን ይዛ አራት ፎቅ ትወጣለች፤ ሾርባው ሲደርስ በርዷል፤ እርስዋም ትንፋሽዋ አልቋል። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቈጣሁ፤ የተቈጣሁትም በእርስዋ ላይ መሆኑ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጥፋቱ ግንቡ ሳይቆም በፊት የሆቴል ዐዋቂ አለመጠየቁ ነበረ። የዚህን ዐይነት ነገር አስቀድሞ ያሰበ ሰው ኤልስዎርዝ ስታትለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ13 ዓመቱ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ሲሆን፥ በ1908 በቡፋሎ ከተማ በከፈተው ሆቴል የሁለት ጎረቤት ክፍሎች መታጠቢያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው፥ የውሃው ቧንቧ በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች በአንድ መውረጃ እንዲያልፍ አደረገ። በዚህም ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያ ቤት ሰጥቶ ዋጋውን ከአንድ ዶላር ተኩል ለማስጀመር ቻለ። አንድ የእርሳስ መሥመር በፕላን ላይ ሲሠረዝ ዋጋው ላጲስ ነው፤ ግንብ ከሆነ በኋላ ግን ዋጋው ምን ያህል እንደሚደርስ ያስቡት።

ሪትዝም ወደ አማካሪነት የገባው እንዲሁ ነው። የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል በ1889 ሲከፈት ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ መጥቶ እንዲያይለት ለመነው፤ ሪትዝ መጣ፥ አየ፥ ጉድለቱንም ተናገረ። በኋላ ሥራ አስኪያጅ እንዲሆን ሲጠየቅ ከዓመቱ እኩሌታው በሌላ አገር ለራሱ ሥራ ነጻ እንዲሆን ተዋውሎ ገባ። ታዋቂውን ወጥ ቤት አውጉስት ኤስኮፊዬንም ይዞ መጣ። ሆቴሉ ስሙ ገነነ፤ ገቢውም ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙ መጻሕፍት በችኮላ ያልፉታል፤ እኔ ግን ለወዳጄ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመጋቢት 1898 የሳቮይ ቦርድ ሪትዝንና ኤስኮፊዬን በአንድ ቀን አሰናበታቸው። ምክንያቱ ለብዙ ዘመን ተሸሽጎ ቆየ፤ ወረቀቶቹ ለሕዝብ የታወቁት በ1985 ነው። ሁለቱም ጥፋታቸውን አምነው በ1900 ፈርመው ነበር። በሪትዝ ኀላፊነት ሥር ብዙ መጠጥ ያለ ሒሳብ ወጥቷል። ኤስኮፊዬ ደግሞ ዕቃ ከሚያቀርቡት ነጋዴዎች ኮሚሲዮን ሲቀበል ኖሯል፤ ነጋዴዎቹም የሰጡትን ለማካካስ ዕቃውን አጉድለው ያስረክቡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሙያ የጐደላቸው አልነበሩም። በዚያው ዓመት በሰኔ በፓሪስ የተከፈተው የሪትዝ ሆቴል እስከ ዛሬ የሙያው ምሳሌ ነው። ታላቅ ችሎታና የተበላሸ ሒሳብ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ መቻላቸው ነው የሚያሳዝነው።

ይህን ስናገር ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። ቈይቶም፥ «እንግዲያውስ ያልነገርሁህ አለ» አለኝ። ባለጸጋው ሆቴል ሊሠራ ነው መባሉን የሰማ አንድ የዕቃ ነጋዴ አስቀድሞ ቤቱ ድረስ መጥቶ፥ አልጋውና ፍራሹ ከእኔ እንዲገዛ ብትመክር ከመቶ አምስት ይደርስሃል ብሎታል። «ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ያለ ኮሚሲዮኑም ቢሆን እመክረው ነበር» አለኝ። እኔም፥ «ባለቤቱ ይህን ቢያውቅ ያምንሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ሒሳቡን ግን እርሱ ከፈለ።

በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች አንድ ነገር ብንሳሳት ከበላያችን አለቃ፥ ከአጠገባችን ኦዲተር አለ። የግል አማካሪ ግን ከፊርማው በቀር ጠባቂ የለውም። የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን አስተያየቱ ስለ ሆነ፥ አስተያየቱ በሌላ ሰው ገንዘብ ተገዝቶ ከተገኘ የሚቀረው ነገር የለም። ስለ ገንዘቡም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ውል ያለበት ወር አለ፤ ውል የሌለበት ወር ደግሞ ይበዛል። የሙያ ፈቃድ ማውጫው፥ ግብሩ፥ መጓጓዣው ከራስ ኪስ ነው። ወዳጄን ቢያንስ የስድስት ወር ቀለብ ሳታስቀምጥ ደብዳቤ አትጻፍ ብዬዋለሁ። ባለቤቱ ሲፈርም ከዋጋው ከፊሉን እንዲከፍል፥ ምክሩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጥ፥ አማካሪው የሚሠራውና የማይሠራው ተለይቶ እንዲጻፍም ተነጋግረናል። በዘመድነትና በወዳጅነት የተጀመረ ምክር «እስቲ ይህንንም እይልኝ» እየተባለ ያለ ዋጋ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ድካሙንም መዘንጋት አይገባም። ሪትዝ ከፓሪስ ወደ ለንደን፥ ከለንደን ወደ ሌላ ከተማ እየተመላለሰ የብዙ ሆቴሎችን ጉዳይ በአንድ ራስ ተሸክሞ ነበር። በሰኔ 1902 ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘውድ በዓል ታላቅ ዝግጅት አድርጎ ሳለ ንጉሡ በድንገት ታምመው በዓሉ ተላለፈ። ሪትዝም በዚያው ሰሞን ወደቀ፤ በ1918 እስኪሞት ድረስ ወደ ቀድሞ ብርታቱ አልተመለሰም። የግል ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን የሚፈርምለት አለቃ የለውም፤ ራሱ ካልፈረመ አያርፍም።

ወዳጄን ባለፈው እሑድ አገኘሁት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ገና አልጻፈም፤ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ግን ከባለጸጋው መሐንዲስ ጋር ፕላኑን ሲያይ ሰንብቷል። ወጥ ቤቱና የምግብ አዳራሹ በአንድ ፎቅ ላይ ሆነዋል። የልብስ ማጠቢያው ቦታ ግን ገና አከራካሪ ነው፤ ባለቤቱ በዚያ ሥፍራ ሱቅ አውጥቶ ማከራየት ይፈልጋል። የውሉን ረቂቅም እንዳነብለት ሰጥቶኝ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ አማካሪው ከማንኛውም ዕቃ አቅራቢ ገንዘብም ሆነ ስጦታ እንደማይቀበል ይናገራል። አንቀጹን ያስገባው ባለቤቱ እንደ ሆነ ጠይቄው ነበር፤ ራሱ እንደ ጻፈው ነገረኝ።