ጎጆው እንዴት ይቆም ነበር?

(በናታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ኡልፓን ወይም ስለ ቤት ኪራይ አይደለም፤ ትታችሁት ስለመጣችሁት ቤት ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት «የአያቶችህን ቤት ሥለህ አምጣ» ተባለ። ልጁ ባዶ ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠ። እናቱ ምን ሆንክ ብትለው «የእኛ እኮ ጭቃ ነው» አላት። እናትየውም የምትመልሰው አጣች። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለዚያች እናት መልስ እንዲሆን ነው።

በመጀመሪያ፣ ያ ቤት የጭቃ ቤት ይባል እንጂ የእንጨት ቤት ነው። እናንተ ሲሠራ ያያችሁ አስታውሱ። ውኃ የማይተኛበት ቦታ ይመረጣል። መሐሉ ላይ ችካል ተተክሎ በገመድ ክብ ይሰመራል። በክቡ ዙሪያ ተቆፍሮ እንጨት ይቆማል። ከተገኘ ወይራ ወይም ጥድ ይመረጣል፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውምና። ባሕር ዛፍ ከተስፋፋ ወዲህ ግን ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ አጣና ይሠራል። በቋሚዎቹ ላይ ማገሩ አግድም እየዞረ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል። መሐል ምሰሶው ይቆማል። ከግድግዳው አናት ወደ ምሰሶው ጫፍ ወራጆቹ ይወጣሉ፤ በላዩ ሣር ይከደናል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጎረቤት በደቦ ይመጣል፤ ባለቤቱም ያበላል ያጠጣል።

ጭቃው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አፈርና የጤፍ ጭድ በውኃ ተደባልቆ በእግር ይረገጣል፤ ቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ከዚያ ግድግዳው ይመረጋል፤ በእበትም ይለሰናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጣራውን የተሸከመው እንጨቱ ነው። ጭቃው ነፋስና ብርድ ይከለክላል እንጂ ሸክም የለበትም። ስለዚህ ምርጉ ቢረግፍ ቤቱ አይወድቅም፤ እንደገና ይመረጋል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ በለበሰ አራት ማዕዘን ቤት የኖራችሁም ብትሆኑ፣ የብዙው ቤት አጥንት ያው እንጨትና ማገር ነው። ጣራው የሾጠጠው ለጌጥ አይደለም፤ የሐምሌ ዝናብ ሳይተኛበት እንዲወርድ ነው። ጠርዙ ከግድግዳው ወጣ ያለው ውኃው ምርጉን እንዳያጥበው ነው። የምድጃው ጭስም በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ነፍሳትን ያርቃል፣ ክዳኑንም ያደርቃል።

ልጁ ግን «ይህ የድሃ ቤት ነው» ቢላችሁስ? እንዲህ ብላችሁ ንገሩት። በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በዚሁ ዓይነት ቤት ነበር። እንጨቱ ይዋቀራል፣ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ይጎነጎናል፣ ከዚያ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው። ክቬድሊንቡርግ የምትባለው የጀርመን ከተማ ከሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሏት፤ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) እነሱ ጭቃቸውን አላፈሩበትም።

እዚህ አገር ቅርስ መጠበቅ በዕብራይስጥ «ሺሙር» ይባላል፤ ቃሉን ያዙት። በ1978 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ ሕግ በዋናው የሚጠብቀው ከ1700 በፊት የተሠራውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ቤቶች ለመጠበቅ በ1991 በግንባታ ሕጉ ላይ ልዩ ክፍል ተጨመረ። ከተማችን ናታንያ የተቆረቆረችው በ1929 ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ቤቶቿ የሚመለከታቸው ይህ ሁለተኛው ነው። በኢትዮጵያም በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ያዛል።

ከናታንያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ያፎ ብትደርሱ የእንጨት ቤቶች ታያላችሁ። በ1866 ከአሜሪካ፣ ከሜይን ግዛት፣ 157 ሰዎች አርሰው ሊኖሩ መጡ። የቤቶቻቸውን እንጨት እዚያው ጠርበው በመርከብ ጭነውት ነበር። በሽታና የሰብል መጥፋት ስላጠቃቸው፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አብዛኞቹ ተመለሱ። ቤቶቹን ጀርመኖች ገዝተው ኖሩባቸው። ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ አንዱም በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጥንቃቄ ታድሷል። እንጨት ከ150 ዓመት በላይ የቆየው ሰው ስለኖረበትና ስለጠገነው ነው።

የእኛ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ግንቦች በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ድንጋይ ይጠብቃል። ጎጆ ግን አይጠብቅም። እሳት ካልነደደበት፣ ሣሩ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ምርጉ ካልታደሰ፣ ብዙ ክረምት አያልፍም። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችውን ወለቃን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቤተ እስራኤሎቹ በ1991 እና በዚያ አካባቢ ባሉት ዓመታት ወደዚህ መጥተዋል። በሕግ ቢመዘገብ እንኳ፣ ሣር መክደን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሕጉ ብቻውን ጎጆ አያቆምም።

ያንን የሚያውቀው ሰው ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። እንጨቱን የቆረጠው መጥረቢያ፣ ሣሩን ያጨደው ማጭድ፣ ብዙውን ጊዜ የአባቶቻችን የብረት ሥራ ነበር። በቤቱ ውስጥ የነበረውን እንስራና ድስት የሠሩት እናቶቻችን ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎችም ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ ይጽፋሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። እናንተ ንገሯቸው፣ እነሱ ይሣሉ። ምሰሶው የቱ ጋ ነበር? መደቡስ? ምድጃው፣ ጎታው፣ ቆጡስ? ደቦ የወጣው ማን ነበር? የእንጨቱን ስም በአማርኛ ጻፉበት፤ ልጁ ደግሞ በዕብራይስጥ ይጻፍበት። አያት ካሉ ቀድመው እሳቸው ይጠየቁ፤ ዕድሜ አይጠብቅምና። ጊዜ ካገኛችሁ ቀጫጭን እንጨት ሰብስባችሁ ትንሿን ጎጆ አብራችሁ ሥሩ።

ቋንቋችን እንኳ ይህን ቤት አልረሳውም። ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ለአገሩ የቆመን ሰው «ዋልታና ማገር» እንለዋለን። ልጁ ማገር ምን እንደሆነ ካላወቀ ግን ቃሉ ባዶ ድምፅ ሆኖ ይቀርበታል።

ያ ልጅ ነገ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ «ይህ ጭቃ ነው» ሳይሆን «ይህ ምሰሶው ነው፣ ይህ ማገሩ ነው፣ የሠራው አያቴ ነው» ይበል።